ያለ ዎርድና ያለ ኤክሴል መሥራት፦ ስለ አማራጭ የኦፊስ ፕሮግራሞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ ሌላ የጽሕፈትና የሠንጠረዥ ፕሮግራም ለመሻገር ያሰቡ፣ በተለይም በአማርኛ የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ሌላ ምን አለ?

ኮምፒውተር ላይ ተጭነው ያለ ኢንተርኔት ከሚሠሩት ውስጥ አራቱ በብዛት ይነሳሉ፦ ሊብሬኦፊስ፣ ኦንሊኦፊስ፣ ደብሊውፒኤስ ኦፊስና ፍሪኦፊስ። በሊብሬኦፊስ ውስጥ ራይተር የዎርድን፣ ካልክ የኤክሴልን፣ ኢምፕሬስ የፓወርፖይንትን ቦታ ይይዛሉ። ኦንሊኦፊስ መነሻው ላትቪያ ነው፤ መልኩ ከዎርድ ጋር በጣም ስለሚቀራረብ አዲስ ሰው ቶሎ ይለምደዋል። ደብሊውፒኤስ የቻይናው ኪንግሶፍት፣ ፍሪኦፊስ ደግሞ የጀርመኑ ሶፍትሜከር ሥራ ናቸው።

በብራውዘር የሚሠሩት ጉግል ዶክስና ጉግል ሺትስ ናቸው። ማይክሮሶፍትም ዎርድንና ኤክሴልን በብራውዘር በነጻ ያስጠቅማል፤ ነገር ግን ኮምፒውተር ላይ ከሚጫነው ብዙ ነገር ይጎድለዋል።

ኦፕንኦፊስና ሊብሬኦፊስ አንድ ናቸው?

ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ ሠራተኞች አብዛኞቹ ተገንጥለው ሊብሬኦፊስን መሠረቱ፤ ዛሬ የሚያስተዳድረው መቀመጫው በርሊን የሆነው ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን ነው። ኦፕንኦፊስ በአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ስር አለ፤ ግን ከ2014 ወዲህ የወጡለት ጥቃቅን ማስተካከያዎች ብቻ ናቸው። የአሁኑን የዎርድ ፋይል ይከፍታል፣ መልሶ በዚያው ዓይነት ማስቀመጥ ግን አይችልም። ዛሬ አዲስ የሚጭን ሰው ኦፕንኦፊስን የሚመርጥበት ምክንያት የለም።

የተጫነልኝ ኦፊስ 2016 እየሠራ ነው፤ ለምን እቀይራለሁ?

መሥራቱን አያቆምም። የቆመው የደኅንነት ማስተካከያው ነው፦ ማይክሮሶፍት ለኦፊስ 2016ም ለኦፊስ 2019ም ድጋፉን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ዘግቷል። ከዚያ በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ አይደፈንም። በኢሜይልና በቴሌግራም የሚመጣ ፋይል ቀኑን ሙሉ የሚከፍት ቢሮ ይህን አቃልሎ ማየት የለበትም።

በክራክ የተጫነ ኦፊስ ሌላ ጣጣ አለው። ክራኩን የሚያስኬደው ፕሮግራም መጀመሪያ የሚጠይቀው አንቲቫይረሱን እንዲያጠፉለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን ይዞ እንደገባ የሚያይ የለም። ነጻና ሕጋዊ ፕሮግራም እያለ ይህ አያዋጣም።

በእርግጥ ነጻ ናቸው? መጨረሻ ላይ ክፍያ አይመጣም?

ሊብሬኦፊስ ለግልም ለመሥሪያ ቤትም ያለ ገደብ ነጻ ነው። ከራሱ ድረ ገጽ ያውርዱት፤ በማይክሮሶፍት ስቶር ውስጥ የሚገኘው በክፍያ ነው። የኦንሊኦፊስ የኮምፒውተር ፕሮግራምም በነጻ ይጫናል። ደብሊውፒኤስ ነጻ ሥሪቱ ማስታወቂያ ያሳያል፣ አንዳንድ ተግባሮችንም በክፍያ በር ዘግቷቸዋል። ጉግል የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱንም ኢሜይልዎና ፎቶዎችዎ ይካፈሉታል።

ታዲያ የትኛውን ልምረጥ?

ሰው ብዙ ጊዜ የተግባሮችን ዝርዝር እያወዳደረ ይቸገራል። የሚወስነው ግን ሌላ ነው፦ ፋይሉ ከማን ይመጣል፣ ወደ ማን ይሄዳል? ራስዎ ጽፈው፣ ራስዎ አትመው ወይም በፒዲኤፍ ልከው የሚጨርሱ ከሆነ ሊብሬኦፊስ ይበቃዎታል። የዎርድ ፋይል ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር ቀኑን ሙሉ የሚቀባበሉ ከሆነ ኦንሊኦፊስን ይሞክሩ፤ የሚሠራው በቀጥታ በማይክሮሶፍት የፋይል ዓይነት ስለሆነ መዛባቱ ይቀንሳል። ሦስት አራት ሰው አንድ ሠንጠረዥ በአንድ ጊዜ የሚሞላ ከሆነና ኢንተርኔታችሁ የማይቆራረጥ ከሆነ ጉግል ሺትስን የሚወዳደረው የለም።

ከመወሰንዎ በፊት አንድ ፈተና ያድርጉ። ካሉዎት ፋይሎች ውስጥ አስቸጋሪዎቹን ሦስት ይምረጡ፦ ሠንጠረዥና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ ረጅም ሪፖርት ከነማውጫው፣ እና ፎርሙላ የበዛበት የደመወዝ ሠንጠረዥ። በአዲሱ ፕሮግራም ከፍተው ትንሽ ያርሙ፣ ያስቀምጡ፣ ከዚያ መልሰው በዎርድና በኤክሴል ይክፈቱ። ከፍቶ ማየት ብቻ አይበቃም፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው በመልሱ ጉዞ ላይ ነው።

ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው፣ ኢንተርኔቴም ደካማ። የትኛው ይሻለኛል?

ሊብሬኦፊስ። መጫኛው 350 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አንዴ ካወረዱት በፍላሽ ወደ ፈለጉት ኮምፒውተር ይወስዱታል፣ ሲጫንም ኢንተርኔት አይጠይቅም። ዲስክ ላይ እስከ 1.5 ጊጋባይት ቦታ ይይዛል።

መጠንቀቅ ያለብዎት የዊንዶውስ ዕድሜ ላይ ነው። ሊብሬኦፊስ 25.8 ዊንዶውስ 7ን እና 8ን ትቷቸዋል። እነዚህ ላይ ያላችሁ 25.2ን ወይም ከዚያ በፊት የነበረውን ከድሮ ሥሪቶች ማከማቻው አውርዱ።

በስልኬስ መሥራት እችላለሁ?

ለማንበብና ለአነስተኛ እርማት አዎን። ጉግል ዶክስ፣ ኦንሊኦፊስና ደብሊውፒኤስ የስልክ መተግበሪያ አላቸው፤ በሊብሬኦፊስ ላይ የተሠራው ኮላቦራ ኦፊስም አለ። ሃያ ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ በስልክ መሙላት ግን ስህተት መጋበዝ ነው።

አማርኛ ለመጻፍ ሌላ ነገር መጫን አለብኝ?

የአማርኛ ኪቦርድ ከኦፊሱ ጋር አይያያዝም። በዎርድ ሲጽፉበት የነበረው ኪማን የሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ወይም የዊንዶውሱ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ በአዲሱ ፕሮግራምም እንደዚያው ይሠራል። ፎንት ከፈለጉ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነጻ ይገኛሉ፤ ጉግል ዶክስም ውስጥ «ሞር ፎንትስ» የሚለውን ተጭነው ያመጧቸዋል።

ሊብሬኦፊስ አማርኛን የሚመድበው ከላቲን ፊደል ጋር ነው እንጂ ከዓረብኛና ከዕብራይስጥ ጋር አይደለም። ስለዚህ ፎንቱንም ቋንቋውንም የሚያስተካክሉት «ዌስተርን» በሚለው ክፍል ነው። «ኮምፕሌክስ» የሚለውን እየቀየሩ «ምንም አልሆነም» የሚሉ ብዙ ናቸው።

የጻፍኩት አማርኛ በሙሉ በቀይ ተሰመረበት። ስህተት ነው?

አይደለም፤ ፕሮግራሙ ጽሑፉን እንግሊዝኛ መስሎት ነው። ኮንትሮል እና ኤ ተጭነው ሁሉንም ይምረጡ፣ ከ«ቱልስ» ውስጥ «ላንጉዌጅ»፣ ከዚያም «ፎር ኦል ቴክስት» ገብተው አማርኛን ይስጡት፤ መስመሩ ይጠፋል። የሚጠፋው ግን ፕሮግራሙ ማረም ስለጀመረ አይደለም፤ ሊብሬኦፊስ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ይዞ ስለማይመጣ ዝም ማለቱ ነው። እርማቱ አሁንም የእርስዎ ዓይን ሥራ ነው።

የላክሁትን ፋይል ተቀባዩ በዎርድ መክፈት አቃተው። ለምን?

ሊብሬኦፊስ ካልነገሩት በራሱ ዓይነት፣ ጽሑፉን በኦዲቲ፣ ሠንጠረዡን በኦዲኤስ ያስቀምጣል። እነዚህ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ ያገኙ ዓይነቶች ናቸው፤ አዳዲሶቹ ዎርዶችም ይከፍቷቸዋል፤ ተቀባዩ ግን የማያውቀውን ምልክት ሲያይ «አይከፈትም» ይላል።

አንዴ አስተካክለው ይገላገሉ፦ «ቱልስ»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሎድ/ሴቭ»፣ «ጄኔራል»። እዚያ ለጽሑፍ የአዳዲሶቹን ዎርዶች (.docx)፣ ለሠንጠረዥ የአዳዲሶቹን ኤክሴሎች (.xlsx) ዓይነት ቋሚ ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ፋይል ባስቀመጡ ቁጥር «በዚህ ዓይነት ይቀመጥ?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ የዎርዱን ወይም የኤክሴሉን ዓይነት መርጠው ይለፉ። የማይታረም፣ የሚነበብ ወይም የሚታተም ብቻ ከሆነ ግን ፒዲኤፍ ይላኩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ይዘውት የሚሄዱትም ፒዲኤፉን ይሁን፤ ፎንቱ ውስጡ ስለሚገባ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ምን እንደተጫነበት አያሳስብዎትም።

ከዎርድ የመጣ ደብዳቤ ስከፍት ገጹ ለምን ይዛባል? አንድ ገጽ የነበረው ሁለት ይሆናል።

ከአሥሩ ስምንቱ ላይ ጥፋተኛው ፎንት ነው ብለው ቢጀምሩ አይከስሩም። ዎርድ ላይ የተመረጠው ካሊብሪ ቢሆንም ካሊብሪ የአማርኛ ፊደል የለውም፤ ስለዚህ ዎርድ ለአማርኛው ሳይነግርዎት ንያላን ወይም ኢብሪማን ይተካል። ያው ፋይል ሊኑክስ ላይ ወይም ንያላ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ሌላ ፎንት ይተካል። የፊደሉ ስፋትና የመስመሩ ቁመት ስለሚለያይ ፊርማው ወደ ሁለተኛ ገጽ ይወርዳል። ዊንዶውስ 10 ላይም ንያላ ሁልጊዜ ተጭኖ አይመጣም፤ ከ«ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ የኢትዮጵያ ፎንቶችን መጨመር ያስፈልጋል። ለእንግሊዝኛው ክፍል ይህን ያህል ስጋት የለም፦ ሊብሬኦፊስ የካሊብሪን ስፋት የያዘ ካርሊቶ፣ የታይምስን ስፋት የያዘ ሊበሬሽን ሰሪፍ የሚባሉ ፎንቶች አሉት።

መፍትሔው በቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ነጻ ፎንት ጭኖ፣ ለአማርኛው እሱኑ በስሙ መርጦ መጻፍ ነው። ወደ ውጭ ለሚላክ ሰነድ ደግሞ ከ«ፋይል»፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ፎንት» ውስጥ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር ማሸግ ይቻላል፤ ፋይሉ ይከብዳል እንጂ መልኩን ይጠብቃል።

ፎንቱ ደህና ሆኖም ከተዛባ የወረቀቱን መጠን ይዩ። የፕሮግራሙ አካባቢ («ሎኬል» የሚለው) አሜሪካ ተብሎ ከተሞላ አዲስ ሰነድ የሚከፈተው በሌተር (21.59 በ27.94 ሴንቲ ሜትር) ነው፤ እኛ የምናትመው በኤ4 (21 በ29.7) ነው። ሦስተኛው ተጠርጣሪ ቴክስት ቦክስ፣ ማለትም በገጹ ላይ የሚንሳፈፍ የጽሑፍ ሣጥን ነው። ሎጎውንና ማኅተሙን በቴክስት ቦክስ ላይ ያንሳፈፈ ደብዳቤ በየፕሮግራሙ ቦታ ይቀይራል፤ መስመሩ በጠፋ ሠንጠረዥ ውስጥ ቢቀመጡ ግን አይነቃነቁም።

የድሮ የአማርኛ ፋይሌ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ ይታያል። ጠፋ ማለት ነው?

አልጠፋም፤ አዲሱ ፕሮግራምም አላበላሸውም። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ኮድ ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ የቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች አማርኛውን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ሥለው ነበር የሚሠሩት። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ኮድ ስለሆነ፣ ፎንቱ በሌለበት የሚታየው እሱ ነው። ለማረጋገጥ አንድ መስመር ቀድተው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉ፤ አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው፣ ዝብርቅርቅ ከሆነ የድሮው ነው።

ለማንበብ ብቻ ከሆነ የድሮውን ፎንት መጫን ይበቃል። ለመሥራት ግን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ግድ ነው፤ አለበለዚያ ፍለጋም ሆነ በፊደል ቅደም ተከተል መደርደር አይሠራም፣ ጉግል ዶክስ ላይም አይነበብም። ሲቀይሩ ዋናውን ፋይል ሳይነኩ በቅጂው ይሥሩ። መቀየሪያው ፎንቱን ሳያይ ሁሉንም ፊደል የሚለውጥ ከሆነ በመሃል ያሉ የእንግሊዝኛ ስሞች ትርጉም የለሽ አማርኛ ይሆናሉ፤ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦችም ይስታሉ። ስለዚህ ውል ወይም ቃለ ጉባኤ ከሆነ ከታተመው ወረቀት ጋር መስመር በመስመር ያመሳክሩ።

የኤክሴል ፎርሙላዎቼና ማክሮዎቼ ይሠራሉ?

ተራ ፎርሙላ፣ ማለትም ድምር፣ አማካይ፣ ኢፍ፣ ሰምኢፍ፣ ቪሉክአፕ፣ በሁሉም ላይ ይሠራል። ኤክስሉክአፕ፣ ፊልተር፣ ሶርትና ዩኒክ ሊብሬኦፊስ ውስጥ የገቡት በ24.8 ሥሪት ነው፤ የእርስዎ ከዚያ የቆየ ከሆነ በሴሉ ውስጥ ቁጥር ሳይሆን የስህተት መልእክት ያገኛሉ። ስፋቱስ? ካልክ እንደ ኤክሴል 1,048,576 ረድፍና 16,384 ዓምድ ይይዛል። ጉግል ሺትስ ገደቡ በጠቅላላው 10 ሚሊዮን ሴል ነው።

ማክሮ ላይ፣ ማለትም ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ በሚሠራው ትንሽ ፕሮግራም ላይ፣ ቆም ይበሉ። ቪቢኤ በሚባለው የኤክሴል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ማክሮ ሊብሬኦፊስ ላይ በከፊል ብቻ ይሠራል፤ ቁልፍ ተጭነው የሚሞሉት ፎርም ከሆነ አለመሥራቱን ይጠብቁ። ኦንሊኦፊስ ማክሮውን የሚፈልገው በጃቫስክሪፕት ነው፣ ጉግልም የራሱ ስክሪፕት አለው፤ በሁለቱም እንደገና መጻፍ ይኖርበታል። ዳታ ማምጫና ማጠናቀሪያ የሆኑት የኤክሴል ፓወር ኩዌሪና ፓወር ፒቮት ሊብሬኦፊስ ላይ የሉም። በእነዚህ ላይ የቆመ የሂሳብ ክፍል ካለ አንድ ኮምፒውተር ላይ ኤክሴልን አስቀርቶ ሌላውን ማሻገር ይቀላል፤ ሁሉንም ወይም ምንም ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

ከኤክሴል ያመጣሁት ሠንጠረዥ አሮጌ ቁጥር ያሳያል፣ ወይም «ኤረር 508» ይላል። ምን ላድርግ?

ካልክ የኤክሴልን ፋይል ሲከፍት በመደበኛ አሠራሩ እንደገና አያሰላም፤ ኤክሴል መጨረሻ ያስቀመጠውን ውጤት ያሳያል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ9 አብረው ቢጫኑ ሙሉውን ያሰላል። በቋሚነት ከፈለጉት «ቱልስ»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ካልክ»፣ «ፎርሙላ» ገብተው «ሁልጊዜ አስላ» የሚለውን ይምረጡ። ከባድ ፋይል ሲከፈት ይዘገያል፤ ለደመወዝ ሠንጠረዥ ግን መዘግየቱ ይሻላል።

508 ቅንፍ ጎድሏል ማለት ነው። 509 በሁለት ዋጋዎች መካከል የመደመር ወይም የማባዛት ምልክት እንደጠፋ ይናገራል። 522 ደግሞ ፎርሙላው ዞሮ ራሱን እየጠራ ነው ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የድምር ሴሉ ራሱ በሚደመረው ክልል ውስጥ ሲገባ ይመጣል።

ስልክ ቁጥሩ ዜሮውን ጣለ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥሩም ተበላሸ። እንዴት ይስተካከላል?

ስልክ ቁጥርና ሂሳብ ቁጥር የማይደመሩ ስለሆኑ ለፕሮግራሙ ጽሑፍ ናቸው ብለው ሊነግሩት ይገባል። ካልነገሩት 09 ብሎ የሚጀምረው 9 ብሎ ይጀምራል፤ 13 አሃዝ ያለውን የንግድ ባንክ ሂሳብ ቁጥርም ኤክሴል አሳጥሮ በነጥብና በ«ኢ» ያሳየዋል። ይባስ ብሎ ኤክሴል በትክክል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው፦ 16 አሃዝ ያለው የፋይዳ ካርድ ቁጥር በቁጥርነት ከገባ የመጨረሻው አሃዝ ዜሮ ይሆናል፤ ከተቀመጠ በኋላ መመለሻ የለውም። ዓምዱን ከመሙላትዎ በፊት ዓይነቱን «ቴክስት» ያድርጉት።

ከሌላ ሲስተም በሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ በተለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል) የወጣ ዝርዝር ከሆነ ካልክ ከኤክሴል ይሻላል። ኤክሴል ላይ ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጉት ሳይጠይቅ ይከፍተውና አማርኛ ስሞቹ ዝብርቅርቅ ሊሉ ይችላሉ። ካልክ ግን መስኮት ከፍቶ ይጠይቃል፦ የፊደሉን ዓይነት ዩኒኮድ፣ ማለትም ዩቲኤፍ-8 ይበሉት፣ መለያውን ኮማ ያድርጉ፣ ከታች ባለው ናሙና ላይ የስልኩንና የሂሳቡን ዓምድ ራስ ጠቅ አድርገው «ቴክስት» ይስጧቸው፤ ከዚያ ይክፈቱ።

በኢትዮጵያ ቀን የተሞላ ሠንጠረዥ ላይ የቀን ልዩነት ሳወጣ ለምን ይሳሳታል?

ምክንያቱም ኤክሴልም ካልክም ሺትስም የሚያስገቡትን ቀን እንደ አውሮፓ ቀን አድርገው ስለሚያነቡት ነው። 1/1/2017 ብለው መስከረም 1ን ሲጽፉ ጃንዋሪ 1 አድርጎ ይይዘዋል፤ ስህተቱም አይታይም። 30/2/2017፣ ማለትም ጥቅምት 30 ሲደርስ ግን ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ወደ ግራ ያስጠጋዋል። ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነ እንዲሁ ይሆናል። ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ በሆነ ዓምድ ላይ የሚወጣ ሂሳብ አይታመንም።

አስተማማኙ መንገድ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምዶች ለየብቻ ማስገባት ነው። በአራተኛው ዓምድ የቀን ቁጥር ይውጣ፦ ዓመቱ ሲባዛ በ365፣ ሲደመር ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ የሚገኘው ሙሉ ቁጥር፣ ሲደመር ከወሩ 1 ተቀንሶ በ30 ሲባዛ፣ ሲደመር ቀኑ። ክፍፍሉን ኢንት በሚባለው ፎርሙላ ሙሉ ቁጥር ያድርጉት፤ የጳጉሜን 6ን ዓመት የሚያስተካክለው እሱ ነው። ለምሳሌ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሲሰላ 736,344 ይመጣል፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ 736,345፤ ልዩነቱ በትክክል አንድ ቀን ነው። የሁለት ቀኖችን ልዩነት ለማግኘት ሁለቱን ቁጥሮች ማቀናነስ ብቻ ነው፤ ፎርሙላው ተራ ሂሳብ ስለሆነም ፋይሉ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲሻገር አይነካበትም።